እናትነሽ ያልፈረመችበት ቤት

«አንድ አካል ናቸው እያልሁሽ! በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ናቸው። እሱ ከፈረመ እሷም ፈረመች ማለት ነው። ምኑ ነው የማይገባሽ?»

ይህን የሚለኝ ታላቅ ወንድሜ ያየህ ነው። ደብረ ማርቆስ ነን፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ውል የሚጽፉ አንድ አዛውንት ክፍል ውስጥ። አዛውንቱ ጣታቸውን ከኮምፒውተሩ አንሥተው እኛን ያያሉ። ከፊት ለፊቴ ቤቱን የሚሸጥልን ሙላት ተቀምጧል። የያየህ ጓደኛ ነው፤ ንጹሕ ኮት ለብሷል፤ ጉልበቱ ግን አላርፍ ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ የቤቱ ካርታ ተዘርግቷል። ካርታው ላይ ያሉት ባለቤቶች ሁለት ናቸው፤ ሙላትና ሚስቱ እናትነሽ። የመጣው አንድ ሰው ነው።

«ገብቶኛል» አልሁት። «ሲቆርቡ አንድ አካል ናቸው። ሲሸጡ ግን ሁለት ሰው ናቸው።»

«ይኸው! ግጥሟን ጀመረች!» አለ ያየህ ወደ አዛውንቱ ዞሮ። «አምስት ዓመት ኩዌት ተቀምጣ የተማረችው ሰው አለማመን ነው።»

«ስመኝ፣ እኅቴ» አለ ሙላት ለስለስ ብሎ፣ «ይህ ነገር በንስሐ አባታችሁ ፊት ያለቀ ነው። ወንድምሽ ቀብድ ሰጥቶኛል፣ እጅ ተመታትተናል፣ አባ ጸሎት አድርሰው ተለያይተናል። እዚህ የመጣነው ለወረቀት ብቻ ነው።»

«እኔም የምለው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ጋሼ ሙላት።»

እናንተ ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት ያላችሁ እኅቶቼ፣ እናንተም ሮብ ገበያና ይጁቤ ተቀምጣችሁ የእኛን ስልክ የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ጭቅጭቁን እዚህ ላይ ላቁመውና እንዴት እዚያ ወንበር ላይ እንደደረስሁ ልንገራችሁ። ያለዚያ ያየህ እንዳለው ክፉ እመስላችኋለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት ከሮብ ገበያ የወጣሁት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። የጮቄ ተራራ አመዳይ አውርዶ፣ መንገዱ ከእግራችን ሥር ቅጭ ቅጭ ይል ነበር። እናቴ የገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ እንጂ አላለቀሰችም። «የሰው ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ እይ፤ ከዚያ የት እንደምትተኚ ጠይቂ፤ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው» አለችኝ። ያየህ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ አንገት ልብሴን አስተካከለልኝ።

ለምን ሄድሽ ለምትሉኝ፣ አርፎ የማይቀመጥ እግር ስላለኝ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስቀመጥ የምሠራው ሁለት ነገር ነበር፤ ድንች መኮትኮትና ግጥም መጻፍ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ከዲማ የሚመጡ የቆሎ ተማሪዎች በደጃችን ሲያልፉ ቅኔያቸውን ሲሞካከሩ እሰማ ነበር። አስተምሩኝ ስላቸው ሳቁብኝ። እኔም ለራሴ በአማርኛ ጀመርሁ፤ በደብተር ጀርባ፣ በሳሙና ካርቶን፣ በኋላም በስልክ። አዲስ አበባ፣ ማክታብ በሚሉት ወደ ዐረብ አገር ላኪ ቢሮ ውስጥ፣ ፎርም የሚሞላው ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ሙያሽ?»

«ገጣሚ።»

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «እሱን ዐረብ አይበላውም። ምግብ ትሠሪያለሽ?»

«ድንች እቀቅላለሁ።»

«ምግብ ማብሰል፣ በጣም ጥሩ» እያለ ጻፈ።

ኩዌት ከአውሮፕላን ስወርድ ፊቴን የመታኝን ትኩሳት የሞተሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የአገሩ አየር ነው። እኛ ጋ ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ግድግዳ ይደገፋል፤ እዚያ ግድግዳው ራሱ ይፋጃል። ምግቡ ሌላ ነው። መችቡስ የሚሉት ሩዝ አለ፣ ሥጋው እንደ ትራስ ላዩ ላይ የተጋደመ፣ ዘቢብ ሁሉ ጣል የተደረገበት። ግን ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ አበላሉ ነው። እኛ ሰው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ እስኪለምነን አንበላም። እነሱ ትሪውን አስቀምጠው ዞር ይላሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለማኝ አጥቼ በምግብ መሐል ተርቤ አደርሁ።

የቤቱ መስኮት አርባ ነበር፤ ሁሉንም የምወለውለው እኔ። እመቤቲቱን ማማ እንላታለን፤ መጥፎ ሰው አልነበረችም፣ ግን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፈዋለች።

«ማማ፣ ኢቃማዬን አሳዪኝ» አልኋት አንድ ቀን።

«የት ልትሄጂ?»

«የትም። ስሜን ልየው ብዬ ነው።»

«ስምሽን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። ሰው እጅ ሲቆይ እንዳይለወጥብኝ ብዬ ነው።»

ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሰጠችኝ።

አባወራው፣ ባባ የምንለው፣ የሕንፃና የመሬት ደላላ ነበር። ሻይ ሳመላልስ ዓይኔ ከእጁ አይነቀልም። ገዥና ሻጭ ተስማምተው፣ ተቃቅፈው፣ ስቀው፣ ብዕር ሊነሣ ሲል ባባ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ሚኑ ማ ያ?» ይላል፣ ያልመጣ ማነው ማለት ነው። አንዴ ካይሮ ያለ ወንድም ይገኛል፣ አንዴ የሟች ልጅ፣ አንዴ ኩርፊያ ላይ ያለች ሚስት። ያልመጣ ሰው ካለ ሻዩ ይጠጣል፣ እንግዳው በክብር ይሸኛል፣ ብዕሩ ግን አይነሣም። አምስት ዓመት ሻይ እያቀረብሁ የተማርሁት ትምህርት ይህ ነው፤ ክፍያ አልተጠየቅሁበትም።

ዘንድሮ ለሁለት ወር ፈቃድ መጣሁ፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ገባሁ። እናቴ ጉልበቷን ይዟት የጮቄን ብርድ አልቻለችም። ሐሳቤ ደብረ ማርቆስ፣ ሐኪም ቅርብ በሆነበት ቦታ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቤት ገዝቼ ማስገባት ነው። ሁለቱ ወር ካለፈ ኢቃማዬ ይቃጠላል፤ ካልገዛሁ ደግሞ እናቴ ሌላ ክረምት በዚያ ጉልበት ጭቃ ስትወጣ ስትወርድ ልትከርም ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ደላላ ወደ ከተማው ዳር ወሰደኝ። ጤፍ የታጨደበት ማሳ ነው። ባለ ማሳው ሽማግሌ አረንጓዴ የይዞታ ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሽያጭ አንለውም» አለ ደላላው። «አባባ ካንቺ ተበደሩ፣ መሬቱን በዕዳ አስያዙ ብለን እንጽፋለን። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ» አልሁት። «ነገ ሌላ ሰው ሲመጣ ለሱም ትነግረዋለህ።»

የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የእርሻ መሬት እንደማይሸጥ አውቃለሁ። ብዙ እኅቶቼ ግን እዚህ ላይ ነው የወደቁት። ከተማው ሲሰፋ ካሳው የሚደርሰው ስሙ ደብተሩ ላይ ላለው ገበሬ ነው፤ በብድር ስም የገዛችው ልጅ ቆርቆሮዋን ነቅላ ትሄዳለች። ለሽማግሌው «አባባ፣ ደብተርዎን ቤትዎ ያስቀምጡት» አልኋቸው። ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡትና «ልጄ፣ እኔም ልቤ አልፈቀደም ነበር» አሉ። ደላላው ለሁለታችንም ጀርባውን ሰጠን።

ከዚያ ያየህ የሙላትን ቤት አገኘ። ሦስት ክፍል ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ፣ ጓሮው ላይ ኮክ። ሳየው ልቤ ተነቅሎ ሄደ። እናቴን ኮኩ ሥር አስቀምጬ በሐሳቤ ስንት ዓመት እንዳኖርኋት! ዋጋውም ከአካባቢው ቤት ሁሉ ረከስ ያለ ነው። ያየህ እኔ ሳላየው ቀብድ ሰጥቷል፤ የንስሐ አባታችን ፊትም ቃል ተቀባብለዋል። በእኛ አገር ደግሞ ቄስ ፊት የተሰጠ ቃል ከማኅተም ይበልጣል፤ እሱን ማፍረስ ወንድሜን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ካርታውን ገልጬ ሁለተኛውን ስም ያየሁት።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ እንመለስ።

«ወረቀት ከፈለገች ወረቀት አለ» አለ ሙላት። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ወረቀት አወጣ፤ የኤምባሲ ማኅተም አለበት። «እናትነሽ የላከችልኝ ውክልና ነው። በል ያየህ፣ አሳያት።»

ያየህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «አሁንስ? አሁንስ ምን ትያለሽ?»

ገልብጬ አነበብሁት። ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እንዲሸጥ የሚል የለም።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «ልጅቱ ልክ ናት» አሉ። «በዚህ ልታከራያት ትችላለህ። ልትሸጥላት አትችልም። ለሽያጭ፣ መሸጥ የሚለው ቃል በስሙ ተጠርቶ ነው ውክልና የሚሰጥ።»

«እርስዎም አባባ?» አለ ያየህ። «ይህን ያውቁ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት ውል ጽፌ ይህን ላላውቅ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ጻፍ ተባልሁ፣ እጽፋለሁ።»

«እናትነሽ ጋ እንደውል» አልሁ።

«ሥራ ላይ ናት» አለ ሙላት። «ማዳሟ ስልክ አታስነካም።»

«የት አገር ናት?»

«እንዳንቺው፣ ኩዌት።»

«ዛሬኮ ዓርብ ነው፣ የእነሱ የዕረፍት ቀን፣ ጋሼ ሙላት። ኩዌት ዓርብ ቀን ስልኳን ያልያዘች አበሻ የለችም።»

አላርፍ ያለው ጉልበቱ ቆመ። ቁጥሯን ለውጣለች አለ፤ ኔትወርክ የለም አለ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል አለ። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ። እኔ በስልኬ የጎጃም ልጆች የምንገናኝበት ግሩፕ ውስጥ ገብቼ በድምፄ መልእክት ላክሁ። «እኅቶቼ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ያላት፣ ባሏ ሙላት የሚባል እናትነሽን የምታውቁ፣ ቶሎ በሉ።» ያየህ «ወይ ውርደት» እያለ ጣራውን ያያል። አዛውንቱ ዳቦ አውጥተው መብላት ጀመሩ፤ ሳይጨርሱት ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

«ማነሽ እኅቴ? ምን ሆነ? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስመኝ እባላለሁ፣ የሮብ ገበያ ልጅ ነኝ። ቤትሽን ልገዛ መጥቼ ነው።»

ከሩቅ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች ነበር መሰለኝ።

«የቱን ቤቴን?»

«ኮክ ያለበትን።»

ውኃው ተዘጋ።

«ኮኩ አፈራ እንዴ?» አለች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያለን አራት ሰዎች አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት አቃተን። ቤቱ ስንት ዓመቷን እንደበላ፣ የማንን ልጅ አዝላ፣ የማንን ደረጃ ጠርጋ እንደሠራችው ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም። አውቀዋለሁ፤ በጣቶቼ አውቀዋለሁ።

«አፍርቷል» አልኋት። «ቅርንጫፉ ጎንብሷል።»

«ሙላት አጠገብሽ አለ?»

«አለ።»

«ሙላት፣ ተከራይ ገባበት አላልኸኝም?»

ሙላት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። «ነግጄ፣ እጥፍ አድርጌ ላሳይሽ ብዬ ነው» አለ። «የሚስቱን ኪራይ የሚበላ ከሚሉኝ…»

«የሚሉህንማ እኔም ሰምቻለሁ» አለች። አልጮኸችም። «እኔን ደግሞ እዚህ የሚሉኝን አንተ ብትሰማ! እኔ ሰምቼ ቤት ሠራሁ። በል፣ ቁልፉን ዛሬውኑ ለእናቴ ስጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «ስመኝ፣ እንግዲህ ቤት አጥተሽ ልትመለሺ ነው?»

«አልመለስም። ገና ሦስት ሳምንት አለኝ።»

«ከኮኩ ቅመሽልኝ። ምን ምን እንደሚል ንገሪኝ፤ እኔ አልቀመስሁትም።»

ስልኩ ሲዘጋ አዛውንቱ «ይህን ያህል የጻፍሁትስ?» አሉ። ያየህ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ፤ ቃሉን ያፈረስሁት እኔ ነኝና ከሰው አፍ ሳይሰሙት ልነግራቸው። አባ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ያየህን አስጠሩት።

«አባ፣ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው አላሉም?» አላቸው ያየህ።

«ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግራ እጅ የሠራውን ቀኝ እጅ ደብቆ ይሸጣል ያልሁህ መቼ ነው?» አሉት። «እኔም ስህተት አለብኝ። ሚስቲቱ የት አለች ብዬ አልጠየቅሁም።» ቀብዱን ሙላት እንዲመልስ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ያየህ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያናግረኝ በእናቴ በኩል ሆነ። «ለልጅሽ ራት ቀርቧል በያት» ይላታል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

በቀሩኝ ሳምንታት አንዲት ትንሽ ቤት አገኘሁ፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዛፍ የላት። ሻጮቹ ወደ ልጆቻቸው ሊጠቃለሉ ያሰቡ ባልና ሚስት ናቸው። መሬት ቢሮ ሄጄ ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ልጠይቅ ብል፣ መዝገብ ያዡ አስቁሞኝ ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«ተበልተሽ ነው?»

«አይ፣ ገና ልገዛ ነው።»

«ሰው ወደዚህ የሚመጣው ከተበላ በኋላ ነው። አንቺ ሳትበዪ ምን አመጣሽ?»

«ወረፋው አጭር ይሆናል ብዬ።»

ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ ሆኖም ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ባለቤቶቹን ይዤ ስመጣ መዝገቡ ወጣ፤ ዕዳም እገዳም የለበትም። ከዚያ ግቢውን በገመድ ለካሁ። አጥሩ ከካርታው ይሰፋል፤ ትርፉ የጎረቤት ነው። የገዛሁት ካርታው ያለውን ነው፤ አጥሩን ወደ ቦታው የመለስሁት ገና ሳልገባበት ነው፣ ጎረቤቴም የመጀመሪያውን ምሳ ያበላችኝ ለዚያ ነው። ውሉ ሲጸድቅ ሁለቱም ሻጮች ተቀምጠው ነበር። ሚስቲቱ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ካተሙ በኋላ «በዕድሜዬ ፈርሚ ብሎ የለመነኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። የቤቱ ስም ወደ እኔ ዞረ። ከቢሮው ስወጣ እየሄድሁ ነው ወይስ እየበረርሁ አላውቅም። ማታ በስልኬ ይህን ጻፍሁ፤

አርባ መስኮት ወለወልሁ ሰው የሚያይበት፣
አንዲት መስኮት አገኘሁ እኔ የማይበት።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ያየህ የእናቴን ዕቃ ጭኖ አመጣ። አልጋውን ብቻውን ተሸክሞ አስገባ፣ ምድጃዋን በምትወደው ማዕዘን ተከለላት፣ ቀዳዳ ሳይቀር መርጎ ጨረሰ። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገደኛ ትቆጥራለች። ያየህ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ያዘጋጀሁለትን ውክልና ሰጠሁት። ያለ እሱ ቤቱን የሚጠብቅልኝ የለም።

አነበበው። ማስተዳደር፣ ማደስ፣ ግብር መክፈል፣ ቢከሰስ መከራከር። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን አውጥቶ አነበበ፤ «መሸጥን፣ መለወጥንና በዋስትና ማስያዝን አይጨምርም።»

ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«ይህን እኔ ላይ ነው ያስጻፍሽው?»

«ወረቀቱ ላይ ነው ያስጻፍሁት፣ ጋሼ።»

«ኩፍኝ ይዞሽ በጀርባዬ አዝዬ ከሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ያደረስሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ወረቀት አስፈርሜሻለሁ?»

«አላስፈረምኸኝም።»

«ሙላትን ነው የመሰልሁሽ?»

አልመሰለኝም። ግን ሙላትም ሙላት ከመሆኑ በፊት ደህና ባል እንደነበር ልነግረው ፈለግሁና ፈራሁ። እናቴ «ስመኝ፣ ወንድምሽኮ ነው» አለች።

«ለዚህ ነው ለሌላ ሰው ያልሰጠሁት» አልሁ። «ይህች መስመር ትቆያለች፣ ጋሼ። አንተም ትቆይልኛለህ።»

ኮቱን ከምስማሩ አወረደ። የእናቴን ጉልበት ጎንበስ ብሎ ሳመ። እኔን አልሳመኝም። ወረቀቱን ግን በአራት አጥፎ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አዝራሩን ቆለፈበት። ከዚያ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።